እንድትረሳ የተለመነችው ሴት

ዳባት ላይ ሰው ሊያገባ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያማክረው ልቡን አይደለም፤ ማንጠግቦሽ ልደቱን ነው። ልብ ምን ያውቃል? ልብማ የአክስቱን ልጅ ወዶ ቁጭ ይላል። ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ ዘርን ከዘር አበጥሮ «ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም» የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንጠግቦሽ ነበረች።

ኑሮዋ በነጭ ሽንኩርት ነው። በገበያ ቀን ማዳበሪያዋን አንጥፋ ሽንኩርቷን ትዘረጋለች፤ ሽንኩርት ፈላጊ በፊት ለፊቷ፣ ዘር አስቆጣሪ በጎኗ ይመጣል። አስቆጣሪው ጎንበስ ብሎ የወንዱንና የሴቷን ስም በጆሮዋ ሹክ ይላታል። እሷ ሽንኩርት መምረጧን ሳታቆም የጣቷን አንጓ በአውራ ጣቷ እየነካች ወደ ላይ ትወጣለች፤ አንድ እሱ፣ ሁለት አባቱ፣ ሦስት አያቱ። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ወይ «ይጋቡ» ትላለች፣ ወይ ዝም ትላለች። ዝም ካለች አለቀ፤ ወንዱም ሌላ ይፈልጋል፣ ሴቲቱም እንባዋን ትጠርጋለች። ይግባኝ የለም።

ሙያውን ያወረሳት አባቷ ልደቱ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው የሚያውቀውን ሁሉ የጫነው በሷ ላይ ነው። ገብስ ሲያጭዱ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው «የዚህን ማሳ ጌታ አያት ማን ወለደው?» ይላታል። ከመለሰች ማጨዱን ይቀጥላል። ካልመለሰች ዞር ብሎ በማጭዱ እጀታ አናቷን ኳ ያደርጋታል። እንግዲህ ጭንቅላትን ከውጭ ነክቶ ማስታወስን ማበርታት ለማንጠግቦሽ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ገና በሰባት ዓመቷ ጀምራዋለች። ግን አባቱን እንደሷ የወደደ ልጅ አልነበረም። እሱ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎ እንኳ ማንኛውንም ቆጠራ የምትጀምረው «አባቴ ልደቱ እንደነገረኝ» ብላ ነው።

ስሟ የገነነው ድብ ባሕር ላይ ዳስ ተጥሎ፣ በሬ ወድቆ፣ ሙሽራው ካባውን ለብሶ ሳለ ሠርግ ያስቆመች ቀን ነው። እንደ ማንኛውም እድምተኛ ልትበላ ነው የሄደችው። ጎኗ የተቀመጠች አሮጊት የሙሽሪትን ቅድመ አያት ስም ስታነሣ ሰማች፤ እንጀራውን ጠቅልላ በአፏና በሳህኑ መካከል እንደያዘች ቆጠረች፤ ከዚያ ተነሣችና «አምስተኛ ቤት ላይ ናችሁ» አለች። ሙሽራው ያን ቀን ረገማት። በሁለተኛው ዓመት ያቺ ልጅ ሌላ ባል አግብታ ባሏን የምታደርገውን ካየ በኋላ ግን በየፋሲካው በግ ይልክላት ጀመር።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት ሰባ አንድ ዓመቷ ላይ በራሷ ጣት የተከዳችው፤ ያውም በሌላ ሰው ሳይሆን በሊድያ ቆጠራ ላይ።

ሊድያ የልጇ ልጅ ናት። እናቷ በወሊድ ስትሞት ማንጠግቦሽ አንሥታ አሳደገቻት፤ አሁን ደባርቅ አስተማሪ ሆናለች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የወደደችው ያርጋልን ነው። ያርጋል የደረስጌ ልጅ ሲሆን ከደባርቅ አዲ አርቃይ ሚኒባስ ይነዳል። የሊማሊሞን ገደል በቀን ሁለት ጊዜ የሚወርድ ሰው ትዳርን አልፈራም ቢል ይታመናል። በጥቅምት የያርጋል አባት ክንዴ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ዳባት መጣና ከማንጠግቦሽ ቤት ተቀመጠ። ክንዴ ቆጠራ የሚያከብር፣ ጺሙን ሳይደባብስ ቃል የማይወጣው ሰው ነው።

«አባቴ ልደቱ እንደነገረኝ» ብላ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት በሰላም ወጣች። አምስተኛው ላይ ክንዴ «የአያቴ እናት ከወደ ዳባት የመጣች ሙሽራ ናት ይባላል፤ ስሟን ግን በእኛ ወገን የሚያውቅ የለም» አላት።

ጣቷ ቆመ። ታውቃታለች። አባቷ አንድ ቀን ነግሯታል፤ የተናገረበትን ድምፅ ሳይቀር ታስታውሳለች። ስሙ ግን የለም። ምላሷ ላይ መጥቶ ተመልሶ ይገባል። ማንጠግቦሽ በዕድሜዋ ጅብም ዳኛም ፈርታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን የገዛ ጣቷን ፈራች። ሽማግሌዎቹ ሲያዩዋት ጊዜ «ጽጌ ትለፍና ኑ» አለች። ለምን ጽጌ እንደምታልፍ የገባው ሰው አልነበረም፤ ግን ማንጠግቦሽ ካለች አለች ነውና ተነሥተው ሄዱ።

ነገሩን ለሊድያ ብቻ ነገረቻት። «ሊድያዬ፣ ጭንቅላቴ እየከዳኝ ነው» አለቻት፤ ይህን ስትል አለቀሰች፤ ሊድያም አለቀሰች። ሲበቃቸው ሊድያ ዐይኗን ጠራርጋ «እምዬ፣ አንድ ሰው አለ» አለች።

ሰውየው ጥበብ ይባላል። መነጽር ያደረገ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት የሚሠራ ተማሪ ነው። እዚያው ዳባት ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ ክፍል ተከራይቶ፣ የማስታወስ ችግር አለብኝ የሚል አዛውንት እየመዘገበ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እንደ ቀበቶ ያለ ነገር አለ፤ ሁለት ስፖንጅ ተሰፍቶበታል፤ ከአንዲት ሳጥን ጋር በሽቦ ተያይዟል።

«ይሄ ምን ያደርጋል?» አለችው ማንጠግቦሽ።

«አይወጋም፣ አይቆርጥም፣ ኪኒንም የለውም እማማ። ግንባርዎ ላይ ይታሰርና በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ከውጭ በኩል ወደ አንጎልዎ ይልካል። አንጎል ይነቃቃል።»

«ቻርጅ ልታደርገኝ ነው በለኛ።»

«እንደዚያም ሊሉት ይችላሉ።»

«መብራት ሲጠፋስ አብሬ ልጠፋ?»

«በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ባለ ዘጠኝ ቮልት ናት። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ለዐሥራ አምስት ቀን።»

«ታዲያ ያስታውሳል?»

ጥበብ እውነተኛ ሰው ነበርና «አንዳንዱ ጥናት አዎ ይላል፣ አንዳንዱ አይልም፤ እኔም ገና አላውቅም» አላት።

«አላውቅም ለማለት ነው ዲግሪ የሰጡህ?»

«ሁለተኛውን ገና እየሠራሁ ነው እማማ።»

ማንጠግቦሽ ወደደችው። እሷ በሃምሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ «አላውቅም» ብላ አታውቅም፤ ይሄ ልጅ ግን አፉን ሞልቶ ይለዋል።

ከመጀመሩ በፊት ፈተና ነበረ። ጥበብ ዐሥራ አምስት ቃል አነበበላት፤ ዝሆን፣ ብርቱካን፣ ባቡር፣ መስኮት፣ ከበሮ እያለ። ከዚያ «የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ» አላት። ሦስት ብቻ መለሰች። እፍረቱ ሲለቃት ግን ተናደደች። «ዝሆን የማን ልጅ ነው? ባቡርስ ከማን ወገን ነው? ዘር የሌለውን ነገር እንዲሁ ደርድረህ አስታውሺ ትለኛለህ?» አለችው። ጥበብ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

እንግዲህ በማግሥቱ ማንጠግቦሽ ቤት ውስጥ ያደረገችው ነገር ነው ነገሩን ሁሉ ያመጣው። እሳት የሚነካው ራስ ቅቤ ይፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ ሴት አገሩ ላይ የለም። ወደ ክፍሉ ከመሄዷ በፊት የቅቤ ቅሏን አውርዳ አናቷንና ግንባሯን እስኪንጠባጠብ ለቀለቀችና በሻሿ ሸፈነችው። ተራ ለሚጠብቁት ሴቶችም «ኤሌክትሪክ ያደርቃል፤ ሳትቀቡ እንዳትገቡ» ብላ መከረች። ሴቶቹም እሺ አሉ። ጥበብ ስፖንጁን በጨው ውሃ እያራሰ በቅቤው ላይ ያስራል። ክፍሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ እሱ ግን ዳባት ውስጥ የቅቤ ሽታ ምን ሊነግረው? ሳጥኗ ላይ ኤሌክትሪኩ ማለፉን የምታሳይ አንዲት መብራት ነበረች፤ ማንጠግቦሽ «ዐይኗ አላማረኝም፣ ክደንልኝ» ስትለው በፕላስተር ሸፈነላት። ከዚያ በየቀኑ «ይቆጠቁጥዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ምንም አይቆጠቁጣትም። ግን ልጁ እንዲህ ከለፋ በኋላ ምንም የለም ማለት ነውር መስሏት «እንደ ጉንዳን ነው» ትለዋለች። ሌሎቹም ሴቶች ጉንዳን ነው አሉ። ጥበብ ደስ ብሎት ይጽፋል።

በአምስተኛው ቀን ፈተናውን ሲደግምላት ዐሥራ አምስቱንም ቃል ተናገረች። «ዝሆን ብርቱካንን አግብቶ ባቡርን ወለደ። ባቡር መስኮትን ወለደች፣ ከበሮን ወለደች» እያለች እስከ መጨረሻው ወረደች። ሲያበቃም «ከበሮና ሳሙና ግን እንዳይጋቡ፤ አራተኛ ቤት ናቸው» አለችው። ጥበብ መነጽሩን አውልቆ አየና መልሶ አደረገው።

ከዚያች ቀን ወዲያ የማንጠግቦሽ ራስ ግድቡ እንደ ተሸነቆረ ወንዝ ሆነ። ድሮ ሰው የሚያመጣላት የአባትና የአያትን ስም ነበር፤ የአያትን እናት ማን ይዞ ይመጣል? አሁን የሚጎርፈው በሴት በኩል ያለው ዘር ሆነ፤ እነዚያ ማንም ያልቆጠራቸው አያቶች፣ ቅድመ አያቶች፣ ከወዲያ ማዶ ተድረው የሄዱ አክስቶች። በየቤቱ እሷው ራሷ «ይጋቡ» ያለቻቸው ሰዎች መካከል እየገቡ ይቀመጡ ጀመር።

የመጀመሪያው የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰጠኝ ነው። ከሚስቱ ከፍቅርአዲስ ጋር በመንገድ ሲያልፍ አገኘችው።

«ሰጠኝ፣ የእናትህ አያት የወቅን አገር ሴት፣ አንድ ዐይና አልነበረችም?»

«ይባላል እማማ፤ ምነው?»

«የፍቅርአዲስም ናት» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

አራት ልጅ ወልደዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍቅርአዲስ ባሏን «ወንድም ጋሼ» ማለት አመጣች፤ ሰጠኝ ወጥ ጨው ቢያንሰው እንኳ አፉን ሞልቶ መቆጣት አቃተው፤ እኅቱን ነዋ የሚቆጣው። ሊፋቱ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የኖሩ አንድ ባልና ሚስት ደግሞ ተያይዘው ደስ ብሏቸው መጡ፤ «ዘመድ ናቸው ብለው ይፈርሙልን» አሏት። ቆጠረችና ስምንተኛ ቤት ሆኑባት፤ አዝነው ተመለሱ። ሰው በመንገድ ሲያያት ከሚስቱ ራቅ ብሎ መሄድ ጀመረ። ሽንኩርቷን የሚገዛት ላጤ ብቻ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ቄስ ወልደ ገብርኤልን ትኩር ብላ እያየች አውራ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች፤ ቄሱ እያላበው ቡራኬውን ያሳጥራል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ በዳባት ግን ጉዱ ኅዳር ላይ ነው የደረሰው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰባት ሽማግሌ ከደጇ ቆመ። ከፊት ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘዋል፤ ከኋላቸው ሰጠኝ አንገቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። ድንጋይ የሚሸከም ነፍስ ያጠፋ ወይም ከባድ በደል ያደረገ ሰው ነው፤ ማንጠግቦሽ ደነገጠች።

«ምን አጠፋችሁ?»

«ያጠፋነውንማ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለ ሰጠኝ ከድንጋዩ ሥር።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እማማ፣ ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ስጡን፣ ደም አብርዱልን ለማለት ነው። እኛ ግን የመጣነው ስለ ማርያም ብለው ይርሱልን ለማለት ነው።»

«ምኑን?»

«ያስታወሱትን ሁሉ። አገሩ ሊፈርስ ነው። ልጆቹ የማን ይባሉ? የቆረብነውስ ምን እንሁን?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔንም ጀምረውኛል መሰለኝ። ካልጨረሱ፣ ባይጨርሱት።»

ማንጠግቦሽ ከትከት ብላ ልትስቅ ነበር፤ ግን የሰጠኝን አንገት ስታይ አዘነች። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር እንዲባል ሲለምን ሰምታለች፤ እንዲረሳለት ሲለምን ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ደግሞ እነዚህን ሰዎች ያጋባቻቸው እሷ ናት፤ ጥፋቱስ የማን ነው?

«ድንጋዩን አውርድ» አለችው። «ረስቻለሁ። በማርያም ስም ረስቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ መርቀዋት ሄዱ። እሷ ግን ብቻዋን ስትቀር ሆድ ባሳት። የአገሩ ሁሉ አያት ሳትጠራት መጥታ ደጇን ሞልታለች፤ የምትፈልጋት አንዲት ሴት ብቻ አልመጣችም። ክንዴ ሊመጣ የቀረው ስድስት ቀን ነው።

የዐሥራ አምስቱ ቀን ሕክምና ባለቀ በማግሥቱ ጥበብ ራሱ ቤቷ መጣ። ኮምፒዩተሩን በአንድ እጁ፣ ስፖንጁን በሌላው ይዟል። ፊቱ የቀብር ፊት ነው።

«እማማ፣ ሳጥኗ የላከችውን ኤሌክትሪክ ሁሉ መዝግባ ትይዛለች። ዛሬ ከፈትኩት። በወንዶቹ ራስ በደንብ አልፏል። በሴቶቹ ራስ ግን ምንም፤ አንዲት ቀን እንኳ አላለፈም።» ስፖንጁን ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «ይሄ ቅቤ ነው።»

«አዎ፣ ለጋ ቅቤ ነው» አለች ማንጠግቦሽ ኮራ ብላ።

«ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።»

«ወንዶቹስ? ድነዋል?»

«ምንም ለውጥ የላቸውም። አንደኛው እንዲያውም ክፍሉ የት እንደሆነ ረስቶ ቀርቷል። የተሻላቸው ቅቤ የተቀቡት፣ ምንም ያልደረሳቸው ናቸው።» ሊያለቅስ ደረሰ። «ይህን ለአስተማሪዬ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?»

«ቅቤ ነው ብለህ ጻፍ።»

«እማማ።»

«እንግዲያው ያ ሁሉ ስም ከየት መጣ?»

«አላውቅም። ምናልባት በዕድሜዎ ሥራ ፈተው ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው አያውቁ ይሆናል። ምናልባት ማሽኑ ይረዳኛል ብለው ስላመኑ ይሆናል። ብቻ ሁሉም ከራስዎ ነው፤ ድሮም እዚያው ነበር።»

ይሄን ጊዜ ማንጠግቦሽ አውራ ጣቷን ወደ ጣቷ አንጓ መለሰች። ማሽኑ ከሌለበት፣ ያስታወሰችውም እሷ፣ የረሳችውም እሷ ናት ማለት ነው። እርጅና ቢሆንማ የሰጠኝን አንድ ዐይና ቅድመ አያት ትቶ ይቺን አንዷን ብቻ አይወስድም ነበር። የሰውን ትዳር በመንገድ ላይ ሳትሰስት አፍርሳ፣ ሊድያን የሚነካውን ስም ብቻ ከራሷ ሰርቃ ደብቃለች። ይህን ስታውቅ አፈረች፤ ካፈረችም በኋላ ስሙ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተኛ ዘው ብሎ ገባ።

ትርንጎ። የአባቷ የልደቱ አክስት ትርንጎ። ቤተሰቡ ያጨላትን ትታ ከአንድ የደረስጌ ሰው ጋር የሄደች። ወንድሟ «ስሟ በቤቴ እንዳይነሣ» ብሎ ስለገዘተ ያነሣት አልነበረም፤ ልደቱ ብቻ ሊሞት ሲል አንዴ፣ በለሆሳስ ነገራት። የክንዴ አያት እናት ማለት ያቺው ናት። ሊድያና ያርጋል በስድስተኛው ቤት ይገናኛሉ።

«ጥበብ፣ በእናንተ ትምህርት ስድስተኛ ቤት ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም እማማ። ባዳ ማለት ነው።»

«በእኛ ወንድምና እኅት ማለት ነው» አለች። ለማንም አልነገረችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ክንዴ በሚመጣበት ዋዜማ ሊድያ ከደባርቅ መጣች። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «እምዬ፣ የአንቺን ቃል አልሻገርም» አለች። «ነገ ዝም ካልሽ እተወዋለሁ። ያርጋልም ያውቃል። እንድትዋሽልኝ አልፈልግም።» ይህን ያለችው ረጋ ብላ ነው፤ ድምፅዋ የተሰበረው «ያርጋል» ስትል ብቻ ነበር። ማንጠግቦሽ ልጅቷን አየቻት፤ ታዝዛ ልትቀር ነው፤ እንደ ትርንጎ እንኳ አትሄድም። ይህች ልጅ ካደገች ጀምሮ አያቷን የለመነቻት ነገር የለም፤ አሁንም አልለመነቻትም።

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ክንዴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባ። ቄስ ወልደ ገብርኤል የንስሐ አባት ናቸውና ተጠርተዋል፤ ሰጠኝም እንደ ሹም ተቀምጧል። ሊድያ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ጽጌም አለፈች» አለ ክንዴ ጺሙን ደባብሶ። «ቆጠራው ምን ይላል?»

«ረሳሁ።»

«የቱን?»

«ሁሉንም ረሳሁት።»

ቄሱና ሰጠኝ ተያዩ፤ ቃሏን ጠበቀችልን ብለው ደስ አላቸው። ክንዴ ግን ሞኝ አይደለም።

«ባለፈው ሳምንት ያገሩን ዘር ሁሉ በመንገድ ሲያፈሱት እንደነበር ደባርቅ ድረስ ሰምተናል» አለ። «በሌላው ያስታወሱትን በእኔ ልጅ ላይ እንዴት ረሱት? አባ፣ እርስዎ ይፍረዱ።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል ፊታቸው ቀላ። እንዲረሱ ለመለመን ድንጋይ አሸክመው የመጡት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ያስታውሱ ብለው እንዴት ይፍረዱ? ቢጨንቃቸው «ዐውቆ የደበቀ ኃጢአት አለበት» አሉ። «ያላወቀ ግን አይጠየቅም። የሚያውቀው ሰው ከጠፋ ዘሩም አይቆጠርም፤ ልጆቹ ይጋባሉ።»

«እንግዲያው በእውነት መርሳታቸውን ልይ» አለ ክንዴ፤ ወንበሩን ወደ ማንጠግቦሽ አስጠጋ። «ትናንት የማን በዓል ነበር?»

«የልደታ መሰለኝ።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ክንዴ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ለማንም ይጠፋል።» ትንሽ አሰበና ተናገረ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ እውነቱን ማወቅ ነበር የፈለገው። «ሰው ሁሉ ቢጠፋው የማይጠፋው አለ። የአባትዎ ስም ማን ነው?»

ማንጠግቦሽ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደበቀች። አባቷ የገብሱ ማሳ ላይ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቷት መልሷን ሲጠብቅ ታየት። ኃጢአቱ የኔ ይሁን አለች በልቧ፤ አባቴ ይቅር ይበለኝ፤ ይቺ ልጅ ግን አትቀርም። ቀና ብላ ክንዴን አየችው።

«እንጃ ልጄ» አለች። «ደግ ሰው ነበር ይሉኛል።»

ሊድያ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ልደቱን ራሳቸው የቀበሩት ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን እያዩ ቀሩ። ክንዴ ተነሥቶ የሊድያን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «አይዞሽ ልጄ፣ እርጅና ነው፤ የሁላችንም ዕጣ ነው» አላት። ከዚያ ወደ ማንጠግቦሽ ጎንበስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ቃሉን እየጎተተ፣ ጮክ ብሎ «እትዬ፣ ውሃ ይጠጣሉ? ውሃ?» አላት። እሷም አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ወንዶቹ ወንበራቸውን አዞሩና ቀን ቆረጡ፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ይሁን ተባባሉ። ዳሱ የት እንደሚጣል፣ ማን ማን እንደሚጠራ ሁሉ ተነጋገሩ። ማንጠግቦሽን የጠየቃት ሰው አልነበረም።